ከሰባቱ ከዋክብት በታች ያለ አቧራ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዘርፌ፣ ደሴ

እዚህ መስመር ላይ «እኔ ደኅና ነኝ» ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ዛሬ እሱን ወደ ታች አስተላልፌዋለሁና ቅር አይበልሽ። አንቺስ እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለሽ? የዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም፤ እየጀመርኩ እየቀደድኩት ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ እኔና አንቺ «ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነሽ» ስንባባል ካርዱ ያልቃል።

«ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሜዳ ላይ የምታድረው ምን ጠፍቶብህ ነው?» ላልሽው መልሱ አቧራ ነው። አትሳቂ። ከኦሮራ ወደ ምሥራቅ ሲነዳ የዴንቨር መብራት ከኋላ የሚቀርበት ሜዳ አለ። እዚያ ቴሌስኮፔን ተክዬ ሰባቱን ከዋክብት ፎቶ አነሣለሁ። በዙሪያቸው አቧራ አለ፣ የሰማይ አቧራ። በጣም ፈዛዛ ስለሆነ በአንድ ፎቶ አይታይም። ስለዚህ ያንኑ ቦታ ደጋግሜ አነሣና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮምፒውተር ላይ አንዱን ባንዱ እደርበዋለሁ። ከዚያ ጨለማውን ቀስ እያልኩ ስትሬች አደርገዋለሁ፤ አንቺ የተኮማተረ ጨርቅ በሁለት እጅሽ ወጠር እንደምታደርጊው ማለት ነው። ያኔ አቧራው ብቅ ይላል። ከመጠን በላይ ከሳብኩት ግን ፎቶው ይቃጠላል፤ የካሜራው የራሱ ጉድፍ ይወጣና አቧራ ይመስላል። ለጉድፉም መላ አለው። የቴሌስኮፑን ክዳን ሳላነሣ ጥቂት ፎቶ አነሣለሁ። እነዚያ ጥቁር ፎቶዎች የካሜራውን ጉድፍ ብቻ ስለሚይዙ እሱን ከሥራዬ ላይ እቀንሰዋለሁ።

አሁን ወደ ፍርሃቴ። ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ ኢዩኤል የሚባል ልጅ አለ፤ እዚሁ ነው ያደገው፣ እሱም የሰማይ በሽተኛ ነው። «በድሉ፣ ቱ ማች፤ አቃጠልከው እኮ» ይለኛል። እኔ ምንም የማላይበትን ፎቶ ያሳየኝና «ይኸውልህ፣ አቧራው እዚህ ጋ ነው» ይላል። ለእኔ አቧራው የሚታየኝ እሱ ተቃጥሏል በሚለው ላይ ብቻ ነው።

ይሄ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩልሽ። ባለፈው ሳምንት ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻውን መኪና፣ እየነዳሁ መሠረት፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ ከግራዬ መጣች። አላየኋትም። ስትጮህ ብሬክ ያዝኩ፣ እግሯ ሥር ደርሼ ቆምኩ። «የት ነበርክ?» አለችኝ። እዚያው ነበርኩ እትዬ። ወደ ፊት እያየሁ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከማንቀሳቀሴ በፊት አንገቴን ወደ ግራ አዙሬ አያለሁ።

አባታችን፣ አባባ ወልደሚካኤል፣ የበሩን መቃን ሲገጨው ትዝ ይልሻል? «ማነው በሩን ያጠበበው?» ሲለን እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያኔ እኔ የደረስኩበት ዕድሜ ላይ ነበር። ዓይኑን ያጠፋው ምን ነበር? ሐኪም አይቶታል? ዓይኔ ከሄደ ሥራው ይሄዳል፣ መኪናው ይሄዳል፣ ሰማዩም ይሄዳል። መኪና ሳይነዱ እዚህ አገር ዳቦም አይገዛም።

ሦስት ፎቶ ልኬልሻለሁ፣ ከጀርባቸው ቁጥር አለ። ኢዩኤል አንዱን ተቃጥሏል ብሎኛል፤ የቱን እንደሆነ አልነግርሽም። አቧራው የትኛው ላይ ነው የሚታይሽ? ያንቺ ዓይን መብራት ጠፍቶ እንኳ መርፌ ላይ ክር የሚያስገባ ዓይን ነው። ደስ እንዲለኝ ብለሽ አትጻፊ። ፈርቻለሁ።

ወንድምሽ በድሉ


ደሴ
ኅዳር 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ወንድሜ በድሉ፣

ፖስታህ ደረሰኝ። መሠረትን ያተረፈልህ አምላክ ይመስገን፤ ለእሷም ሻማ አብርቼላታለሁ። «ደኅና ነኝ» የሚለውን ወደ ታች አስተላልፌዋለሁ ብለህ ነበር። ታችም ፈልጌ አጣሁት።

የሰው ወንድም አሜሪካ ሄዶ ሌላ ሌላ ነገር ያነሣል፣ የእኔ አቧራ ያነሣል። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምቼ ነበር፣ አቧራ አለኝ በሰማይ ሲባል ግን ካንተ ሰማሁ። በል ይሁን፣ ከመጥፎ ጓደኛ ይሻላል።

ፎቶዎቹን በረንዳ ላይ ወጥቼ በፀሐይ አየኋቸው። ሁሉም ያምራሉ፤ ይበልጥ ደስ ያለኝ ሦስተኛው ነው። አቧራው ቁልጭ ብሎ ይታያል። የተቃጠለ ነገር አላየሁበትም። ያ ልጅ ትንሽ ሳይመቀኝህ አይቀርም። ስለዚህ አትፍራ፣ ዓይንህ ደኅና ነው።

ስለ አባባ ለጠየቅከኝ፣ እርጅና ነው። ፀሐይም መትቶታል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ አያውቅም። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለኝም።

የስፌት መኪናዬን ለጎረቤቴ ለአረጋሽ ሰጠኋት። ወገቤ ነው፣ ሌላ አይደለም። እንዳታስብ።

የክርስትና አባትህ ጋሽ ፍቅረሥላሴ ቤትህ መጥተው ነበር? አሜሪካ ያስገቡህ እሳቸው ናቸውና እንደ አባት ቁጠራቸው። ሲጠሩህ ሥራ አለኝ አትበል። ሂድና የሚነግሩህን ስማ።

እህትህ ዘርፈሽዋል


ኦሮራ
ታኅሣሥ 15 ቀን 1999 ዓ.ም.

እትዬ ዘርፌ፣

ደብዳቤሽን ሃቫና ስትሪት ላይ ፓርክ አድርጌ መኪና ውስጥ አነበብኩት፤ ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም። ኢዩኤል ተቃጥሏል ያለው ሦስተኛውን ነበር። አንቺ ግን አቧራውን ቁልጭ አድርገሽ አየሽው። የዚያን ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ። መሥሪያ ቤቱ የዓይን ምርመራ ቀጠሮ ይዞልኝ ነበር፣ ካንስል አደረግኩት። ከእህቴ ዓይን የሚበልጥ ምን ሐኪም አለ ብዬ ነው።

የጋሽ ፍቅረሥላሴን ነገር ልንገርሽ። ከቅዳሴ በኋላ ክንዴን ይዘው ስቴፕልተን ያለው አዲሱ ቤታቸው ይወስዱኛል። ጾም ነውና ሽሮው፣ ጎመኑ፣ አዚፋው ይደረደራል። «በድሉ ልጄ» ይላሉ። ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ሚስታቸውን ያዩአቸዋል፣ ሚስታቸው ወደ ጓዳ ይገባሉ። ከዚያ «እስቲ ጎመኑን ጨምር» ይሉኛል። ባለፈው እሑድ ደግሞ ሁለት ሽማግሌ ጠርተው ነበር። አራታችንም በልተን ስለ በረዶ አውርተን ተለያየን። ሊድሩኝ ነው መሰለኝ፣ የልጅቷን ስም መጥራት ግን አቃታቸው። የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ።

እንዲህ እየቀለድኩ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ፈዛዛ ነገር በቴሌስኮፕ ሲታይ ፊት ለፊት አይታይም። ዓይንሽን ትንሽ ወደ ጎን ታደርጊያለሽ፤ ያኔ በዓይንሽ ጠርዝ ብቅ ይላል። ይሄን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ሁሉ እንዲህ ነው የማየው። አሁን ወደ ጎን ስመለከት ጎኑ የለም። ጨለማ ቢሆን ባልፈራሁ፣ ጨለማ እወዳለሁ። ይሄ ጨለማ እንኳ አይደለም። በቃ የለም።

ደግሞ አንድ ነገር። የእጅ ጽሕፈትሽ ምን ሆኖ ነው ወደ ቀኝ ሲሄድ ቁልቁል የሚወርደው? የጦሳ ተራራ ቁልቁለት ገባብሽ እንዴ?

አራተኛ ፎቶ ልኬልሻለሁ። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ የፈዘዘው ይሄ ነው። ምን እንዳለበት አልነግርሽም። የምታዪውን ብቻ ጻፊልኝ።

በድሉ


ደሴ
ጥር 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

በድልዬ፣

ገናን ብቻህን እንዳልዋልክ ተስፋ አለኝ። ጥምቀት እዚህ ደመቅ ብሎ አለፈ፣ እኔ ግን ወገቤ ስላመመኝ አልወጣሁም።

የእጅ ጽሕፈቴ የወረደው ጠረጴዛዬ ዘሞ ነው። አራተኛውን ፎቶ አየሁት። ከሁሉም ይበልጣል። ከዋክብቱ ድቅቅ ብለዋል፣ አቧራው ደግሞ ከሰባቱ ከዋክብት በታች እንደ ነጠላ ጥለት ተዘርግቷል፣ ቡና ዓይነት መልክ አለው። ፍሬም አስገብቼ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ።

ቀጠሮውን ለምን ሰረዝክ? እኔ ሐኪም ነኝ? ስለ ጎኑ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ካነበብኩት ወዲህ እህል አልበላ ብሎኛል። እባክህ ሂድና ታይ። ለእኔ ስትል ሂድ። ጋሽ ፍቅረሥላሴን ደግሞ አንተው ራስህ «ምንድነው የሚነግሩኝ?» ብለህ ጠይቃቸው። የሚነግሩህ የጋብቻ ነገር አይደለም።

ብዙ ልጽፍ ፈልጌ ነበር። እጄ እንቢ አለኝ።

ዘርፌ


ኦሮራ
የካቲት 18 ቀን 1999 ዓ.ም.

እትዬ፣

አራተኛው ፎቶ ክዳኑ ሳይነሣ የተነሣ ነው። ኮከብ የለበትም። ሰባቱም የሉም፣ አቧራም የለም። ጥቁር ወረቀት ነው የላክሁልሽ።

የገዛ እህቱን የሚፈትን ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብለሽ ታዝኚብኝ ይሆናል። እዘኚ። ሦስተኛውን መርጠሽ ስትጽፊልኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታው ትንሽ ሲበርድ ግን «ዘርፌ መቼ ነው ሰውን የሚያስከፋ ነገር ስትናገር የሰማኋት?» አልኩ። አረጋሽ አበላሽታ የሰፋችውን ቀሚስ እንኳ «ያምራል» ብለሽ ነው የሸኘሻት። በዚያ ላይ ጎኑ እየጠፋብኝ ሄደ። ስለዚህ ፈተንኩሽ። አንቺም ባዶውን ጥለት አለበሽው።

አሁን ማን ላምን ነው? ያንቺን ዓይን ተደግፌ ነበር የቆምኩት። ቀጠሮዬን በሱ ነው የሰረዝኩት። ፎርክሊፍቱን ትቻለሁ፣ ማሸጊያ ክፍል አዛውረውኛል። ወደ ሥራ ስሄድ የግራውን መስመር ስለምፈራው ከመኪናው ሁሉ ኋላ ነው የምነዳው።

ሐኪም ዘንድ ያልሄድኩት ጊዜ አጥቼ አይደለም። እፈራለሁ። «ዕውር ልትሆን ነው» ከሚለኝ ሰው ፊት ከመቀመጥ አንቺን መጠየቅ ይቀለኝ ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ከአራቱ ፎቶዎች አንዱን እንኳ አይተሽዋል?

በድሉ


ደሴ
መጋቢት 13 ቀን 1999 ዓ.ም.

በድሉ፣

አላየሁም። አንደኛውንም፣ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም አላየሁም። ወረቀቱ ለስላሳ መሆኑን ነው ያየሁት።

ግራ ዓይኔ ሄዷል። ቀኙ የቁልፍ ቀዳዳ የምታህል ቀርታኛለች። በእሷ ነው የምጽፍልህ፤ አንዱን ቃል ስጽፍ ያለፈው ይጠፋኛል፣ ለዚህ ነው መስመሩ የሚወርደው። ጠረጴዛው አልዘመመም። ወገቤም ደኅና ነው። መኪናዬን የሰጠኋት ጣቴን በመርፌ ሰፍቼው ነው።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሆስፒታል ታየሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ፊት ለፊት ነው የሚናገረው። የዓይን ግፊት ነው፣ ግላኮማ ይባላል አለኝ። አያምም፣ አያሳክክም፣ ከጎን ነው የሚጀምረው፣ ሰው ሲነቃ ጊዜው አልፎ ይገኛል። ከወላጅ ይወርዳል። ስለ አባባ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ወንድም እህት አለሽ?» አለኝ። አንድ አለኝ፣ አሜሪካ ነው አልኩት። «ዛሬውኑ ንገሪው። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ጠብታ ያቆየዋል» አለ። እኔም ጠብታ አለኝ፣ ለቁልፍ ቀዳዳዬ።

ዛሬውኑ አልነገርኩህም። ብቻውን ላለ ሰው ክፉ ወሬ በደብዳቤ አይጻፍም ብዬ ነው። እንዲህ ነው ያሳደጉን። መርዶ በሽማግሌ፣ በጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። ስለዚህ ጋሽ ፍቅረሥላሴ ዘንድ ደውዬ አደራ አልኳቸው። እሳቸውም «እኔ እነግረዋለሁ፣ አንቺ ተይው» አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ጎመን ጨምር ይሉሃል። አልቀየምኳቸውም፤ የከበዳቸውን ሸክም ያሸከምኳቸው እኔ ነኝ። ሕያው ሰው ላይ መርዶ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ፎቶህ ሲመጣ ደግሞ አላየሁም ብል ለምን ትለኛለህ፣ ሁሉም ይወጣል። አየሁ ብል ትረጋጋለህ፣ እስከዚያ ጋሽ ፍቅረሥላሴ ይነግሩሃል አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እኔ የራሴን ደብቄ ያንተን መድኃኒት አዘገየሁ። ከዓይኔ ይልቅ ይሄ ነው የሚያስለቅሰኝ።

ይህን ደብዳቤ ሳታጥፈው ሂድ። አትመልስልኝ፣ ሂድ።

ጥቁሩ ፎቶ እንደተሰቀለ ነው። አረጋሽ ትናንት መጥታ «ይሄ ጥቁር ነገር ምንድነው?» አለችኝ። የወንድሜ ነው አልኳት።

ዘርፌ


ኦሮራ
ግንቦት 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

እትዬ ዘርፌ፣

ከጥቅምት ጀምሮ ያስተላለፍኩትን መስመር ይኸው ጻፍኩልሽ። ደኅና ነኝ።

ሄጃለሁ። ደብዳቤሽን ለጋሽ ፍቅረሥላሴ አሳየኋቸው፤ አንብበው ሲጨርሱ ኮፍያቸውን አንሥተው መኪና ውስጥ ገቡና ጠበቁኝ። እሳቸው ነዱ። ሐኪሙ ዘንድ ብዙ ማሽን ላይ አገጬን አስደግፎ መብራት ባየሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን አደረገኝ። ስንወጣ አሳንሰር ውስጥ ጋሽ ፍቅረሥላሴ ክንዴን ያዙና «ልነግርህ ነበር እኮ» አሉኝ። ከዚያ አለቀሱ። እኔ ነኝ ያባበልኳቸው።

ሐኪሙ «ጀማምሮሃል፣ ቀላል ነው» ብሎኛል። ማታ ማታ ጠብታ አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለ እኔ ማሰብ ተይ። የፈራሁትን ያህል አልሆነም፣ ምስጋና ለአምላክ።

ባለፈው ስለጻፍኩብሽ ሁሉ ይቅር በይኝ። ጥቁር ወረቀት የላክሁት ዓይን ላጣ ሰው መሆኑን ሳውቅ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

አሁን የላክሁት ፎቶ ለዓይንሽ አይደለም። ያልተቃጠለው፣ አንደኛው ነው፣ ወፍራም ወረቀት ላይ አሳትሜዋለሁ። ከዋክብቱን በሚስማር በሳኋቸው። አቧራውን በቀጭን መርፌ ጠርዝ ጠርዙን እየተከተልኩ ወጋሁት። ወረቀቱን ገልብጠሽ በጀርባው ዳስሺው፤ የቀዳዳው ጠርዝ በዚያ በኩል ሻክሮ ይወጣል። መጀመሪያ ሰባቱን ታገኛለሽ። ከዚያ ጣትሽን ወደ ታች ስታወርጂ አቧራው ይጀምራል፣ ሳይቋረጥ እስከ ወረቀቱ ጥግ ይሄዳል። ኢዩኤል ላግዝህ ብሎኝ ነበር፣ እንቢ አልኩት። ብቻዬን ነው የሠራሁት። ከዚህ በላይ ዓይኔ ደኅና ለመሆኑ ምን ምስክር ትፈልጊያለሽ?

በድሉ


ደሴ
ሰኔ 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

በድሉ፣

ወረቀቱ ደረሰኝ። ጥቁሩን አውርጄ እሱን ልሰቅል ነበር፤ ግን የሚሰቀል አይደለም፣ ጭኔ ላይ ነው የሚውለው። ከዋክብቱን አገኘኋቸው። አንዷ ትንሽ ፈንጠር ያለችው ደስ ትለኛለች። አቧራውንም አገኘሁት። ለካ ጠርዙ እንዲህ ይወጣል ይገባል፣ እኔ ጭስ ነገር ይመስለኝ ነበር። ከዚህ በፊት አራት ጊዜ አየሁ ብዬህ ነበር፣ ዛሬ ነው ያየሁት።

ሳይቋረጥ ይሄዳል ብለኸኛል። ይቋረጣል። ከታች፣ ጥጉ ጋ ሳይደርስ፣ አውራ ጣቴን የሚያህል ቦታ ልሙጥ ነው። ከዚያ ደግሞ ይቀጥላል። መጀመሪያ ወረቀቱ ነው ብዬ ደጋግሜ ዳሰስኩት፣ በጉንጬም ሞከርኩት። ዕድሜ ልኬን ሰፊ ነበርኩ በድሉ፤ የተዘለለ ስፌት አይጠፋኝም። ልብስ ሰፊ የሚዘለው ያላየውን ነው።

እዚያ ቦታ አቧራ የለም ወይስ አለ? ወረቀቱን ይዘህ ኢዩኤል ዘንድ ሂድና ጠይቀው፣ የሚልህንም ሳታሳምር ጻፍልኝ። ሐኪሙ ያለህንም ከነስሙ ጻፍልኝ። «ቀላል ነው» ሐኪም የሚናገረው ቃል አይደለም፣ የእኛ ቤት ቃል ነው። ያን «ደኅና ነኝ» ያልከውን መስመር ሰርዤዋለሁ።

እኔም ፈርቻለሁ። በጋሽ ፍቅረሥላሴ ግን አትላክብኝ፣ አንተው ጻፈው። ጣቴን እዚያው ቦታ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ።

ዘርፌ